በሽማግሌ ያለፍኩት ማትሪክ

ባለፈው ሳምንት የወንድሜ ልጅ ሐያት ሰሚት ወዳለው ኮንዶሚኒየም ቤቴ መጥታ፣ ሶፋው ላይ ተጋድማ ስልኳን ስትነካካ ዋለች። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ዛሬ ይለቀቃል፣ ነገ ይለቀቃል እየተባለ ልጆቹ እህል መቅመስ ካቆሙ ሰንብተዋል። እኔም ባላጨናንቃት ይሻላል ብዬ ዝም ብዬ ሽንኩርቴን እከትፋለሁ። ድንገት ቀና አለችና፣ አንቺ ማትሪክ ስንት ነበር ያመጣሽው አለችኝ። ሦስት ነጥብ ሁለት አልኳት፤ ኮራ ብዬ ነው ያልኳት። «ከመቶ?» ብላ ስትስቅ ስልኳ ከእጇ ወደቀ። የዘንድሮ ልጆች የሚያውቁት በመቶዎች የሚቆጠር ውጤት ነው፤ ሦስት ነጥብ ሁለት ለእነሱ አዲስ የተወለደ ሕፃን ኪሎ ነው።

ሳቋ አላናደደኝም ብል ውሸቴን ነው። ለዚያች ሦስት ነጥብ ሁለት እኮ ሽማግሌ ተልኮላታል። ሦስት የተከበሩ ሰዎች በእሑድ ጠዋት ጋቢያቸውን ለብሰው፣ የአባቴ በር ላይ ቆመው፣ ካልሰሙን አንቀመጥም ብለውላታል። ይህን ብነግራት አታምነኝም ብዬ ወደ ሽንኩርቴ ተመለስኩ። እጄ ይከትፋል እንጂ ልቤ ግን መገናኛ ሄዷል።

የዛሬውን መገናኛ ማለቴ አይደለም። ዛሬማ መገናኛ ስትደርሱ ባቡሩ፣ ድልድዩ፣ የታክሲ ሰልፉ፣ መሬት ላይ ካልሲና ቻርጀር የዘረጋው ሁሉ ራስ ያዞራል። ያን ጊዜ አደባባዩ ሰፊ ነበር፤ ሚኒባሶቹ ዙሪያውን ቆመው ሰው ይጠብቃሉ እንጂ ሰው እነሱን አይጠብቅም። ወያላው አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ቦሌ፣ ቦሌ እያለ ይለምንሃል፤ በሃምሳ ሳንቲም የት በደረስክ። ሰሚት የሚባለው ይኸው አሁን የምኖርበት ሰፈር ከብት የሚግጥበት ሜዳ ነበር፤ ሲኤምሲ ቪላዎቹ ተደርድረው ቢታዩም ለእኛ ሌላ አገር ነበሩ። ቦሌ ደግሞ ለመታየት የሚኬድበት ነው። ትከሻው ላይ ስፖንጅ የገባበት ኮት፣ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ጉርድ፣ ነጭ ሸራ ጫማ አድርገን፣ በካሴት ቤቶቹ በር ላይ ቀስ እያልን እናልፍ ነበር። ዘፈኑን ገዝተን ሳይሆን በር በር ላይ እየሰማን ነው የጨረስነው፤ አንዱ ቤት የጀመረውን ስንኝ ሌላው ቤት ይጨርስልናል።

የአባቴ ሱቅ ወደ ጉርድ ሾላ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለች የቆርቆሮ ሱቅ ነበረች። ላምባ ከልብስ ሳሙና ጋር ሲቀላቀል የሚሰጠው ሽታ እስከ ዛሬ ካፍንጫዬ አልወጣም። ስኳር በጆንያ፣ ፓስታ በካርቶን፣ ክብሪት፣ ሻማ፣ በአምስት ሳንቲም የሚሸጥ ከረሜላ ሁሉ አለባት። አባቴ ሰይድ የወሎ ሰው ናቸው፤ በሰፈሩ የሚታወቁት በሚዛናቸው ነበር። ሚዛኑ ሁለቱ እጆቹ እኩል ሳይሆኑ እጃቸውን አያነሱም። ከዚያ በኋላ ዕቃውን ከሚዛኑ አውርደው ወደ ገዢው ዕቃ ሲገለብጡት፣ አንድ እፍኝ ከላይ ጣል ያደርጉበታል። ምራቂ ነው። አንዴ ደንበኛው ምራቂውንም አብረው ይመዝኑልኝ ቢላቸው፣ ምራቂ ከሚዛን ውጭ ነው፣ ከተመዘነማ ምራቂ አይደለም ብለው ሲቆጡት አስታውሳለሁ።

ከሱቁ ጀርባ ካለው ግቢያችን ጋር በአጥር የምንገናኘው የአቶ ገብረመድኅን ቤት ነበር። ከትግራይ የመጡ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሹም የሆኑ፣ ሲናገሩ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው ናቸው። ልጃቸው ለምለም ጓደኛዬ ናት። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብረን ሄደን አብረን ተመልሰናል። የእሷ ጾም ሲፈታ የእኔ ይገባል፤ የእኔ ሲፈታ የእሷ ይገባል፤ እንዲያው ዓመቱን ሙሉ አንዳችን ስንበላ አንዳችን እያየን ነው ያደግነው። ለማትሪክ ስናጠና በአጥሩ ቀዳዳ ደብተር እንቀያየር ነበር። እሷ ረጋ ያለች፣ ሁሉንም ትምህርት አስተካክላ የምትይዝ ናት። እኔ የምወደውን እውጠዋለሁ፣ የማልወደውን ዞር ብዬ አላየውም። ፊዚክስን ዞር ብዬ አላየሁትም።

ማትሪኩ ለሌላው ልጅ ፈተና ነው፤ ለእኔ ግን ከዚያም በላይ ነበር። የአባቴ እህት ዘሀራ ጅዳ ትኖራለች። ሱቁ እየቀዘቀዘ፣ ታናናሽ ወንድሞቼ እየበዙ ሲመጡ፣ ልጅቷን ላክልኝ፣ ሥራ አገኝላታለሁ ብላ ነገረቻቸው። አባቴ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ለትምህርትም ይቀኑ ነበር። ስለዚህ አንድ ቃል ሰጧት፦ ካለፈች ትማራለች፣ ከወደቀች እልክልሻለሁ። አባቴ ደግሞ ቃል ከሰጡ ሰጡ ነው። ፓስፖርቴ ወጥቶ በእናቴ ሳጥን ተቀምጧል፤ ፎቶው ላይ አይኔ እንዳበጠ ነው። ቪዛውም መንገድ ላይ ነው ይባል ነበር። ሰው ወደ ጅዳ ቢሄድ ምን አለበት ትሉኝ ይሆናል፤ ብዙ ሄደው ቤተሰብ ያቆሙ ጎበዞች አውቃለሁ። እኔ ግን አልፈለግሁም። መማር ነበር የምፈልገው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

በእኛ ጊዜ ውጤት በፊደል ነበር የሚመጣው። ኤ አራት፣ ቢ ሦስት፣ ሲ ሁለት፣ ዲ አንድ፣ ኤፍ ባዶ። እኔና ለምለም ሰባት ትምህርት ተፈተንን፤ የሚቆጠሩት ግን አምስት ብቻ ናቸው። እንግሊዝኛና ሂሳብ ወደድክም ጠላህም ይገባሉ። ሦስቱን ከቀሩት መሐል የተሻለ ካመጣህባቸው ትወስዳለህ፣ ሁለቱን ትጥላለህ። አምስቱን ደምረህ ለአምስት ስታካፍል ያ ነው ነጥብህ። ከዚያ መቁረጫ የሚባለው ይወጣል፤ ከሱ በላይ ከሆንክ ዩኒቨርስቲ፣ ዝቅ ካልክ ዲፕሎማ፣ ከዚያም ካነስክ ወደ ቤትህ። ይህን ተማሪ ሁሉ እንደ ስሙ ያውቀው ነበር፤ ለአባቶች ግን ማንም አልነገራቸውም።

ውጤት የተሰጠን ቀን ዝናብ ነበር። የትምህርት ቤቱ ግቢ በጭቃና በልቅሶ ተሞልቶ፣ አንዱ ይዘላል፣ አንዷ ግድግዳ ተደግፋ ቁጭ ብላለች። ወረቀቴን ተቀብዬ አየሁት፦ አማርኛ ኤ፣ ባዮሎጂ ኤ፣ እንግሊዝኛ ቢ፣ ጂኦግራፊ ቢ፣ ሂሳብ ሲ፣ ኬሚስትሪ ዲ፣ ፊዚክስ ኤፍ። በጣቴ ቆጠርኩ፤ አሥራ ስድስት ለአምስት፣ ሦስት ነጥብ ሁለት። እልል ልል አፌን ስከፍት ለምለምን አየኋት። የእሷ ወረቀት ላይ አንድም ኤፍ የለም። ሁለት ኤ፣ ሁለት ቢ፣ ፊዚክስ እንኳ ሲ ሆናላታለች። ግን እንግሊዝኛዋ ሲ፣ ሂሳቧ ዲ ነው፤ እነሱ ደግሞ አይጣሉም። ሁለት ነጥብ ስምንት። አቀፈችኝ። እልልታዬን ዋጥኩት።

አባቴ ያን ሰሞን ለለቅሶ ወሎ ሄደው ስለነበር፣ ወረቀቱን ያዩት መቁረጫው በሬዲዮ ከተነገረ በኋላ ነው። እኔ በሰላም አልፌያለሁ፤ ለምለም ለዲግሪው አልደረሰላትም። ሱቅ ገብቼ ወረቀቱን በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አደረጉ፤ ከጆሯቸው ላይ እርሳሳቸውን አወረዱ። በየዓመቱ የትምህርት ቤት ካርዴን ሲያዩ እንደሚያደርጉት ሰባቱንም ደምረው ለሰባት አካፈሉት። ሁለት ነጥብ አራት። እርሳሱን ወደ ጆሯቸው መለሱና ፊታቸው ጠቆረ። እንደዚያ አይደለም አባ፣ ሁለቱ አይቆጠሩም ብዬ ነገርኳቸው።

«አንች ልጅ» አሉኝ፣ «ያተረፉበትን ቆጥሮ የከሰሩበትን መተው ሂሳብ ነው? እንዲህ ከሆነማ እኔም መርካቶ ፎቅ አለኝ።»

ደግሜ አስረዳሁ፤ በጣቴ ቆጠርኩ፤ ለምለምን ምስክር ጠራሁ። እሱ ነው የባሰው። የአቶ ገብረመድኅን ልጅ አንድ ኤፍ ሳይኖርባት አላለፍኩም ብላ ታለቅሳለች፣ አንች ኤፍ ይዘሽ አለፍኩ ትይኛለሽ፣ የትኛችሁ ናችሁ የምታሾፉብኝ አሉ። ንዴታቸው ብቻ ቢሆን በቻልኩት። ቀጥለው የተናገሩት ግን አንጀቴን በላው። ለዘሀራ ቃል ሰጥቻለሁ፣ እወድሻለሁ ብዬ በውሸት ባስቀርሽ አላህ ፊት ምን እመልሳለሁ አሉኝ። አባቴ ሊልኩኝ ፈልገው እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። እንዳያጭበረብሩ ፈርተው ነው። በእንደዚያ ዓይነት ሰው መናደድ ደግሞ አይቻልም፤ ማልቀስ ብቻ ነው የሚቻለው፣ እኔም አለቀስኩ።

ያዳነችኝ እናቴ ናት። ሽንት ቤት በር ላይ ቆሜ ስነፋረቅ አገኘችኝና በእጇ ፊቴን ጠርጋ፣ አባትሽ ከልጅ አይሰማም፣ ሽማግሌ ግን ከበሩ መልሶ አያውቅም፣ ሽማግሌ ላኪበት አለችኝ። ሽማግሌ ለጋብቻ ነው እንጂ ለማትሪክ ተልኮ ያውቃል ወይ ብላት፣ ታዲያ ያንቺስ ነገር ከጋብቻ በምን ያንሳል አለች። መጀመሪያ ሰፈሩ ሁሉ የሚፈራቸውን ሼህ እንድሪስን አሰብን። ቀጥሎ የሂሳብ መምህራችንን። ሦስተኛው ማን ይሁን ስንል ሁለታችንም ወደ አጥሩ አየን። ልጁ የወደቀችበትን ሰው፣ ና የእኔ ልጅ ማለፏን መስክር ብለው በየት አፍ ይለምኑታል።

ለምለም ከአጥሩ ወዲያ ልብስ እያሰጣች ሁሉንም ሰምታ ኖሯል። በቀዳዳው አየችኝ። ዓይኗ አሁንም ቀይ ነው።

«አባቴን እኔ እልክልሻለሁ» አለችኝ።

እሑድ ጠዋት አባቴ ገና ቁርስ ሳይቀምሱ ሦስቱ መጡ። እናቴ እንዳልሰማች ሆና ምንጣፍ ታነጥፋለች። ግቡ ቢሏቸው አይገቡም፣ ተቀመጡ ቢሏቸው አይቀመጡም፤ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። አባቴ ወዲያው ገባቸው። ማለቴ የገባቸው መሰላቸው። ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ልጄ መንገደኛ ናት፣ ለማንም አልሰጥም፣ ይቅርታ አድርጉልኝ ብለው ጀመሩ። እኔና ለምለም ከጓዳው መጋረጃ ኋላ አፋችንን በሻርፕ ይዘን ቆመናል። ሼህ እንድሪስ፣ ያንተን ልጅ ለሰው ልጅ አልጠየቅንም ሰይድ፣ ለትምህርት ነው የጠየቅናት አሉ። አባቴ ግራ ተጋብተው ከአንዱ ወደ አንዱ ያያሉ። ሴት ልጅን ለትምህርት በሽማግሌ ሲጠይቁ እሳቸውም አላዩ፣ አባታቸውም አላዩ።

መምህሩ ጀመረ። አምስቱን ደመረ፣ አካፈለ፣ ደንቡን አስረዳ። አባቴ በትሕትና ሰሙትና መምህር ለተማሪው ያደላል፣ ባያደላ ነበር የሚገርመኝ አሉት። ሼሁ እኔ የፈረንጁን ፊደል አላውቅም፣ ልጅቷን ግን አውቃታለሁ አሉ። ይኸም አልበቃም። አባቴ አሁንም አንድ ኤፍ ያለበት ወረቀት በዓይናቸው ላይ ተለጥፏል። ከዚያ አቶ ገብረመድኅን ተናገሩ፤ ድምፃቸው ዝቅ ስለሚል መጋረጃውን ገፋ ማድረግ ነበረብን።

«አቶ ሰይድ፣ እርስዎ እንደቆጠሩት ቢቆጠር የኔ ልጅ ከርስዎ ልጅ ትበልጣለች። ሰባቱንም ደምሬ አይቼዋለሁ። እንደርስዎ ቢሆን የምጠቀመው እኔ ነበርኩ፤ ደንቡ ግን እንደርስዎ አይደለም። የኔን ልጅ የጎተቷት እንግሊዝኛና ሂሳብ ናቸው፣ እነሱ አይጣሉም። የርስዎን ልጅ የጎተቷት ኬሚስትሪና ፊዚክስ ናቸው፣ እነሱ ይጣላሉ። ሚዛኑ ያው አንድ ሚዛን ነው። የኔ ጎደለች፣ የርስዎ ሞላች።»

ለምለም እጄን ይዛለች፤ ወደ እሷ ለመዞር አልደፈርኩም።

«ልጅዎ ጎድላብዎት ሳለ ይህን ሊነግሩኝ መጡ?» አሉ አባቴ።

«ራሷ ናት የላከችኝ።»

አባቴ ቀስ ብለው ተነሱ። ሚዛን ያጎደለበት ሰው መጥቶ ሚዛኑ ልክ ነው ካለኝ፣ እኔ ሌላ ምን ምስክር እጠብቃለሁ አሉና ሦስቱንም በየተራ ተቀመጡልኝ ብለው ለመኗቸው። ያኔ ተቀመጡ። እናቴ ከመቼው ምግቡን እንዳቀረበችው እንጃ፤ ከሌሊት ጀምሮ አዘጋጅታ ኖሯል። እኔ ጓዳው ውስጥ የጤፍ ጆንያ ላይ ዘጭ አልኩ። እፎይ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ከዚያ በፊት አላውቀውም ነበር። ለምለም አጠገቤ ተቀምጣ ማልቀስ ጀመረች፣ አብሬያት አለቀስኩ፣ ከዚያ አንዳችን ሳቅን፣ ማን እንደጀመረው እስከ ዛሬ እንከራከራለን።

በማግሥቱ አባቴ ቴሌ ሄደው ተሰልፈው ጅዳ ደወሉ። ያን ጊዜ ውጭ አገር የሚደውል ሰው ድምፁ ያለ ስልክም የሚደርስ ይመስል ይጮሃል፤ ዘሀራ፣ አልፋለች፣ በሽማግሌ ተረጋግጧል ሲሉ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እንኳን ደስ ያለዎት አላቸው። ምን እንዳለፍኩ ግን ማንም አልገባውም። አክስቴ ተናደደች ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እሷ ግን ለመንገዴ ብላ በሰው እጅ ሁለት ቀሚስ ላከችልኝ። ፓስፖርቱ አንድም ማኅተም ሳያርፍበት ጊዜው አለፈበት።

ለምለምም እንደፈራነው አልሆነባትም። በዲፕሎማ ገባች፤ ምን ተማረች ብትሉኝ ሒሳብ አያያዝ። በሥራ ላይ ሆና ማታ ማታ ተምራ ዲግሪውንም ያዘች። ዛሬ ቦሌ ቢሮ አላት፣ ሲኤምሲ ቤት አላት፣ የስንቱን ነጋዴ ሒሳብ የምትሠራ እሷ ናት። ሂሳብ ዲ ያመጣሽ ልጅ እያልኩ ሳበሽቃት፣ ዝም በይ አንቺ በሽማግሌ ያለፍሽ ትለኛለች። አባቷ ካረፉ ቆይተዋል፣ ነፍሳቸውን ይማርና። አባቴም እንደዚሁ። ከዚያች እሑድ በኋላ ግን እስኪለያዩ ድረስ ሁለቱ ሽማግሌዎች ቅዳሜ ቅዳሜ ከሱቁ ደጃፍ በርጩማ ላይ ሳይቀመጡ የዋሉበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ሽንኩርቱን ጨርሼ ቀና ስል ሐያት ስልኳን አስቀምጣ ታየኛለች። ለካ ጮክ ብዬ ሳወራ ነው የቆየሁት። ታዲያ አያቴ አንዴ ከገባቸው በኋላ ፊዚክሱን ረሱልሽ ወይ አለችኝ። የት ይረሳሉ ብዬ የመጨረሻዋን ነገርኳት።

የደረሰኝ ዩኒቨርስቲ ከአዲስ አበባ ውጭ ነበር። ልሄድ ስል አባቴ ለመንገዴ ስኳር ሊሰጡኝ ሱቅ ጠሩኝ። ለሴት ልጃቸውም ቢሆን ሳይመዝኑ አይሰጡም። ሁለቱ የሚዛን እጆች እኩል እስኪሆኑ ጠበቁ፤ ስኳሩን አውርደው ወደ ከረጢቴ ገለበጡት። ከዚያ እጃቸውን ወደ ጆንያው ሰደዱና አንድ እፍኝ ከላይ ጨመሩ። «ይኸ የኬሚስትሪ» አሉ። እንደገና ሰደዱ። «ይኸ ደግሞ የፊዚክስ። ምራቂ ነው፣ አይቆጠርም።»

የፊዚክሱ እፍኝ ከኬሚስትሪው ይበልጥ ነበር።